ሐሙስ ይደርሳል የተባለው ጎማ

ረቡዕ፣ ሰኔ 28

የልጄ የሰይድ መርዶ የደረሰኝ በአረፋ ዋዜማ ነው። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ሲመጣ ያቺ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪናው ጭቃ ላይ ተንሸራታ ገደል ገባች።

በፊተኛው ቀን ደውሎልኝ ነበር። «እማ፣ ጎማዬ የበጋ ነው፣ ጭቃ አይዝም። ጥርስ ያለው አዝዣለሁ፤ ሐሙስ ይደርሳል። ከዚያ ልምጣ?» አለኝ።

«የሰው ልጅ ሁሉ ለበዓል ሲገባ አንተ ለጎማ ብለህ ትቀራለህ? ና፣ ዱዓ አደርግልሃለሁ» አልኩት።

ሳቀ። «እንግዲያው ያንቺ ዱዓ ከጎማ ይበልጣል» አለ።

ዱዓውንም አድርጌ ነበር።

ዛሬ ጓደኛው የሰይድን ዕቃ ሲያመጣ አራቱን አዲስ ጎማ ደጃፌ ላይ ደርድሮ ሄደ። ጥርሳቸውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጥልቅ ነው።

ከመርዶው ወዲህ እጄን ለዱዓ ማንሳት አቅቶኛል። ይህን ደብተር ያገኘ ሰው በእኔ ፈንታ ለሰይድ ዱዓ ያድርግለት።