ሞተሯ በየት በኩል ትዞራለች

እታለም፣

እንደምን አለሽልኝ? ያ በብርድ የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮስ ተወሽ? እኛ በአካል ደህና ነን። እኔ ግን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ክው እንዳልኩ ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድብሽ አትቀልጂብኝ።

ሁለት ቡጢ የምታህለዋን፣ አንቺና አባባ የሠራችኋትን ሞተር ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ማንም ነክቷት አያውቅም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥኑ ላይ በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣ፣ እማዬ አቧራ ስትጠርግ እንኳ ፊቷን እያዞረች ነው የምታልፋት። ባለፈው ሳምንት አባባ በዚያ በማይታጠፍ አውራ ጣቱ ራሱ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖራትና፣ ሴንሰሯ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግጠምላት፣ ስትዞር ሳላያት አልሞትም አለኝ። ሽማግሌ ደግሞ አምሮቱ ብዙ ነው ብዬ ሳቅሁ።

ለአንቺ ይህን ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ግን ጥፋቴ እዚሁ ውስጥ ስላለ ታገሺኝ። ቮላኖው፣ ያ ከባዱ መንኮራኩር፣ ሲሽከረከር ጠርዙ ላይ ያለችው ማግኔት በሴንሰሩ ፊት ባለፈች ቁጥር ካንዴላው ነዳጁን የሚያቀጣጥል እሳት ይሰጣል። እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መምጣት አለበት። በጣም ከቀደመ ሞተሯ እንደ በቅሎ ትራገጣለች፤ ለማስነሳት ቮላኖውን የሚገፋው ጣት ነው ፍዳውን የሚያየው።

ካንዴላውን ፈትቼ በቀዳዳው ቀጭን ዘንግ ሰደድኩ፤ ቮላኖውን ቀስ እያልኩ እየገፋሁ ዘንጉ መውጣቱን የሚያቆምበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ሁሌ የምቀመጥበት የጠረጴዛው ጎን በእማዬ የልብስ ስፌት መኪና ተይዞ ስለነበር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንቺና በአባባ በኩል ተቀምጫለሁ። አሮጌውን ሴንሰር ልፈታ ጎንበስ ስል ቮላኖው ላይ የቀረጽሽውን ቀስት አየሁ። የሰው ያለህ! ቀስቱ የሚያመለክተው እኔ ትዞራለች ብዬ ካሰብኩት በተቃራኒው ነው። ያኔ ወደ ቀኝ ነው የምትዞረው ስትይ እኔ ከማዶ ተቀምጬ የራሴን ቀኝ ነበር የያዝኩት።

እታለም፣ የዚያን ቀን ሴንሰሩን ነክቼዋለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ምሳ ስትበሉ፣ ለአባባ ጣት ፈርቼ፣ እሳቱን ትንሽ ላዘግየው ብዬ የሴንሰሩን መያዣ ቮላኖው ወደሚዞርበት አቅጣጫ ገፋ አደረግሁት። ወደሚዞርበት መስሎኝ! ለካ እያስቀደምኩት ነበር። አባባ ቮላኖውን ሲገፋ ተራግጣ አውራ ጣቱን ሰበረችው። ሰዓት ሠሪ ያለ አውራ ጣት ምን ይሠራል? እኔ ደግሞ፣ እህቴ ክፉኛ ብታበላሸው ነው እንጂ የእኔ እርማት ባዳነው ነበር ብዬ ከልቤ አምኜ፣ የገጠመችው እሷ ናት ብዬ ጣቴን ቀሰርኩብሽ። እማዬ የባሌን እንጀራ የቆረጠች ልጄ አይደለችም ስትል አፌን ዘጋሁ። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ በመስኮት አይቼሻለሁ።

ትናንት መያዣውን ሳነሳው ከሥሩ አንቺ በመርፌ የጫርሻት መስመር አለች። ለካኋት። ከትክክለኛው ቦታ ውልፍት አላለችም፤ አንቺ በልኩ ነበር የገጠምሽው።

ወደ አባባ ሮጥኩ። እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሬድዮውን ዘጋና አውቃለሁ አለኝ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ማለት ይሄ ነው። ከሐኪም ቤት እንደተመለሳችሁ መያዣው ከመስመርሽ መውጣቱን አሳይተሽው ኖሯል። ልጁ የማሽን ትምህርት ሊጀምር አንድ ሳምንት ቀርቶታል፣ ይህን ካወቀ ዳግም መፍቻ አይነካም፣ ለእማዬም እንዳትነግራት ብለሽ አስምለሽው ኖሯል። ስድስት ዓመት! እኔ ቶርኖ ማሽን ላይ ቆሜ ባለሙያ ስባል አንቺ በሰው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትለኪያለሽ። ማንን አማክረሽ ነው? በአባባም ተናድጃለሁ፣ በአንቺም ተናድጃለሁ፣ በራሴማ ምኑን ልንገርሽ። የስፌት መኪናዋን እዚያ ለምን አስቀመጥሻት ብዬ እማዬን ብጠይቃት ደግሞ፣ እኔ አይደለሁም፣ አባትህ ነው ያዛወራት አለችኝ። ለካ ሆን ብሎ በእናንተ በኩል እንድቀመጥ ኖሯል።

ዛሬ ረፋድ ላይ ለእማዬም ነገርኳት። አልጮኸችም። ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩት። እንደገና አስደገመችኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ፣ ልጄን በቁሟ ቀበርኳት እያለች ደረቷን መታች። አባባ ሊያነሳት ቢሞክር እጁን ገፈተረችው።

አዲሱን ሴንሰር በመስመርሽ ላይ ገጥሜዋለሁ። ቮላኖውን ግን አንቺ ሳትመጪ ማንም አይገፋውም።

ይቅር በይኝ የምልበት አፍ የለኝም። የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ይገባኛል። ብቻ ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ያን የተባረከ እጅሽን ይጠብቅልኝ፣ እኛ የነሳንሽን ሰላም እሱ አብዝቶ ይስጥሽ።

እማዬ ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት እንዳልልከው ከለከለችኝ። ራሴ አደርሰዋለሁ፣ አንብባ ሳትጨርስ ግን ቃል አልተነፍስም፣ ወደ ቤቷም አልገባም ብላለች። ስለዚህ ፖስታውን ሰጥታሽ እዚያው በርሽ ላይ እንደቆመች ናት። ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም፤ አስገቢያት።

ታናሽ ወንድምሽ