ሦስተኛውን ግብዣ የዋጥሁበት ወንበር

ለመሪጌታ ልሳኑ፣ ለልጄ አባት፤ ያለህበት ስፍራ ብርሃን ይሁንልህ።

ከተለያየን እነሆ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። በሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ በራችን ሲዘጋ ግን አንተ ነበርህ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ ያንብበው ብዬ ብተወውም ወሬው የቤታችን ነውና አንተ እያልሁ እጽፍልሃለሁ። የፈለገ ይታዘበኝ። ፊደል ያስቆጠርኸኝም አንተ ነህ፤ ግድፈት ብታገኝበት ራስህን ውቀስ።

ቤታችን ደኅና ነው። በጓዳ በኩል ያፈስ የነበረውን ጣራ ልጃችን ትሁኔ ቆርቆሮውን አስለወጠችው። ከጉድጓዱ አጠገብ የነበረውን ባሕር ዛፍ አስቆረጥሁት፤ እንደምትቆጣ አውቃለሁ፣ ግን ውኃውን መጥጦ ሊጨርሰው ነበር። ተማሪዎችህ ተበትነዋል። ሁለቱ ደምበጫ ወንበር ዘርግተው ያስተምራሉ። ያ ድምፀ መልካሙ ደግሞ ማርቆስ ላይ ባጃጅ ይነዳል፤ ሰው ጭኖ ድጓ ያዜማል አሉ። ልጃችን መድኃኒት ቤት ከፍታለች። «ሴት ልጅ አስተምሮ ምን ሊያገኝ ነው» ያሉህ ሁሉ ዛሬ ሳላቸውንና ቁርጥማታቸውን ይዘው እሷ ደጅ ይቆማሉ። እሰይ! አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ ሳትል የጸናህበት ነገር ቢኖር እሷን ማስተማር ነው፤ ደግ አደረግህ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ልሳኑ፣ ሄጄ መጣሁ! ኢየሩሳሌምን በእግሬ ረግጬ መጣሁ!

አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥተን ኖረን ትሁኔ ስትወለድ የተሳልነውን አልረሳህም። ሁለታችንም ጎልጎታ ሄደን በስቅለት ዕለት እንሰግዳለን ብለን ነበር። ዛሬ ተማሪው፣ ነገ አዝመራው እያልን ዕድሜያችን ሄደ፤ አንተንም ሕመሙ ቀደመህ። በመጨረሻዋ ሳምንት እጄን ይዘህ «የሺ፣ የኔንም ስግደት አደራ» አልኸኝ። የነፍስ አባታችን መምሬ ይሁኔም አጠገብህ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። እኔም እሺ አልሁህ። እሺ ማለቱስ ምን ይገዳል? ባመቱ ክረምት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አዳልጦኝ ወደቅሁና ቀኝ ጉልበቴ ተበላሸ። ሐኪሙ አየት አደረገኝና ጉልበቴን አጥፌ ብዙ ሰዓት ከተቀመጥሁ እንደሚያብጥ፣ ካበጠ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እንደማይመለስልኝ ነገረኝ። እንግዲህ አስበው። የሁለት ሰው ስግደት አደራ አለብኝ፤ ጉልበት ግን የአንድ ሰውም የለኝ። ስንት ቀን እንዳለቀስሁ እኔና ትራሴ እናውቃለን።

ትሁኔ ይህን ስታይ ከረመችና አንድ ቀን የኢየሩሳሌም ቲኬት ይዛልኝ መጣች። ቢዝነስ ክላስ ይባላል አለችኝ። እኔ ምን ንግድ አለኝ ብላት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እግር የሚዘረጋበት፣ ሲፈልጉም እንደ አልጋ የሚተኙበት፣ ከአውሮፕላኑ ፊት ያለ ወንበር ነው። ከሰፈራችን የሚሄደው ሰው ሁሉ ከኋላ፣ እኔ ከፊት! አፍሬ አይሆንም አልኋት። እሷ ግን ያንተ ልጅ አይደለችም? አንዴ ካለች አለች ነው።

ከሆሣዕና በፊት በነበረው ሐሙስ ጠዋት ተሳፈርን። የፊት ወንበር ሰው ቀድሞ ይገባል፤ ሌላው ሁሉ በፊቱ እያለፈ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንተ ታውቀኛለህ፤ ሰው ሲገባ ተቀምጬ አላውቅም። የመጀመሪያው ተሳፋሪ ብቅ ሲል ብድግ ብዬ «ኖር!» አልሁ። «በእግዜር፣ በእግዜር» ብሎ አለፈ። ሁለተኛዋ መጣች፤ ብድግ። ሦስተኛው፤ ብድግ። አንድ ፈረንጅማ ስነሣለት ጊዜ ወንበሩ የሱ መስሎት ቲኬቱን አውጥቶ ያገላብጥ ጀመር። አስተናጋጇ፣ የኔ ቆንጆ፣ «እማማ ይቀመጡ እንጂ» እያለች ትከሻዬን ትይዘኛለች፤ እኔ ደግሞ እንዴት ብዬ! ማዶ የተቀመጠው ባለ ከረቫት ሰውዬ ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያነሣ ሰው ሁሉ ያልፋል። ማን አሳደገው አልሁ በልቤ። በአሥራ ስንተኛው ሰው ላይ ጉልበቴ ቋ አለ። ልጄ ለጉልበቴ ብላ በገዛችልኝ ወንበር ላይ ጉልበቴን ልፈጀው ነበር። አይ የኔ ነገር!

ልክ ቁጭ ስል አስተናጋጇ በእንፋሎት የሞቀ ነጭ ፎጣ በመቆንጠጫ ይዛ መጣች። እሰይ፣ ጉልበቴን እንደሚያመኝ አውቃ ነው ብዬ ተቀብዬ ቀሚሴን ገለጥ አደረግሁና ጉልበቴ ላይ ጠመጠምሁት። ባለ ከረቫቱ በሱ እጁን ሲያብስ አየሁ። ልጅቱ ግን ሄዳ ሌላ ሁለት ጨምራ አመጣችልኝ። ትባረክ፣ ወልዳ ትሳም።

እግሬን ዘርግቼ ገና «ተመስገን» ስል መምሬ ይሁኔ ገቡ።

አንተን ፈትተው የቀበሩህ፣ ትሁኔን ያጠመቁ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ምን የቀራቸው ሰው! ወገባቸው ጎብጧል፤ በየወንበሩ ጀርባ እየተደገፉ ይመጣሉ። ቦታቸው ከመጨረሻው፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ እንደሆነ ከመሳፈራችን በፊት ሰምቻለሁ። ተነሣሁ። «አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ» አልኋቸው። «ኧረ አይሆንም» አሉ። «ስለ እመቤቴ» አልሁ። «ተይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ። የአገራችንን ግብዣ ታውቀዋለህ። የመጀመሪያው እንቢታ ለወግ ነው፤ ሁለተኛው ለጨዋነት ነው፤ ሦስተኛው ሲመጣ ሰው እሺ ይላል። እሳቸውም አልሄዱም። የወንበሬን ጠርዝ ይዘው ቆም አሉ።

«በሞቴ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። በሞቴ ካልሁ ይቀመጣሉ። ከተቀመጡ እኔ ከኋላ ታጥፌ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ያብጣል፤ ያንተ አደራ እዚያው አውሮፕላን ውስጥ ይቀራል። የነፍስ አባቴን ቆመው እያየሁ ዝም ብዬ አላውቅም፤ እናቴም አላደረገችው፤ ማንም ከኛ አገር አላደረገው። ቃሏን ዋጥኋት። እውነቴን ነው፣ ጉሮሮዬን እየፋቀች ወረደች። እሳቸውም «በይ እግዜር ያሳርፍሽ» አሉኝና ወደ ኋላ ሄዱ። ተቀመጥሁ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ።

አውሮፕላኑ ሲነሣ ግን፣ ልሳኑ፣ ምን ልበልህ! ያን ሁሉ ተራራ ጥሎ ደመናውን ሰንጥቆ ወጣ። ልጅቱ አንዲት ቁልፍ ስትጫንልኝ ወንበሩ ከሥሬ እየተንሸራተተ አልጋ ሆነ። በወንዶች መካከል በጀርባ መንጋለሉ ቢያሳፍረኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብሁ። እግሬ ከፍ አለ፤ ጉልበቴም ቀስ በቀስ እፎይ አለ። ምግብ በሸክላ ሳሕን፣ በነጭ ጨርቅ ላይ መጣ። የጾም ነው ብትለኝም ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ብዬ መለስሁት። ሰው የሚመኘውን ማዕድ ፊቴ ላይ እያየሁ ጾሜን ዋልሁ። ትሁኔ ስትሰማ ራሷን ይዛ ጮኸች፤ አንተ ብትሆን ግን ጎሽ ትለኝ ነበር።

እዚያ ተኝቼ ያሰብሁት አንተን ነው። ትሁኔን አርግዤ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ስትወስደኝ ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ነበር የደረሰን። የአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ሲያነጥረን ጋቢህን አጣጥፈህ ከሥሬ አነጠፍህልኝ፤ አንተ ባዶ ብረት ላይ ተቀምጠህ ሄድህ። ስትወርድ ወገብህን ይዘህ «ምንም አልሆንሁ» አልኸኝ። ውሸታም! ምነው አሁን አጠገቤ ሆነህ አንተም በተዘረጋህ ብዬ አለቀስሁ። ናፍቀኸኛል፤ ምን እደብቅሃለሁ።

ስንወርድ ጉልበቴን ጫን ጫን አድርጌ አየሁት። አላበጠም! በደረጃው ማንም ሳይደግፈኝ ወረድሁ። መምሬ ይሁኔ ግን በሁለት ሰው ተይዘው ሲወርዱ ባየሁ ጊዜ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ሳምንቱን ሙሉ ዓይናቸውን ሸሸሁ።

ስቅለት ደረሰ። በዴር ሡልጣን፣ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ባለው ገዳማችን፣ ከኛ መነኮሳት ጋር፣ ከጠዋት ጀምሬ ከሕዝቡ ጋር ስሰግድ ዋልሁ። ያ የኔ ድርሻ ነው። ማታ ጸሎቱ ሲያልቅ ሰው በየተራ ኃጢአቱን እየተናገረ በወይራ ቅጠል ሲጠበጠብ እኔም መምሬ ይሁኔ ፊት ተንበረከክሁ። «አባቴ፣ ሦስተኛውን ግብዣ ዋጥሁብዎ» አልሁ። ሌላ ኃጢአት ጠፍቶብኝ አይደለም፤ የከበደኝ እሱ ነበር። ከዚያ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ቀና ብዬ ባይ በዚያ በሐዘን ቀን ሳቃቸውን አፍነው ይዘዋል። «በሞቴ ብትዪኝ ኖሮ አልቀመጥም ነበር ብዬ በስቅለት አልዋሽም» አሉኝ። «ወገቤ በዪኝ፣ በዪኝ ይል ነበር። የልሳኑን አደራ የሰማው ጆሮዬ ደግሞ አትበዪኝ ይል ነበር። እንኳን ዋጥሻት።» አሉና በወይራው ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ፤ «ስለ ዋጥሻት ግን አርባ አንድ ስገጂ።»

አርባ አንድ! ደስታዬን ብታይ! ሰገድሁ። አርባ አንዱን ጨርሼ እዚያው ቆምሁና የክርስትና ስምህን ጠርቼ ያንተን ጀመርሁ። ግንባሬ ድንጋዩን ነካ፤ ተነሣሁ። ደግሞ ወረድሁ፤ ደግሞ ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ወደ ማረፊያው ሄዷል፤ መምሬ ይሁኔ ብቻ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በዚያ ወገባቸው፣ እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ። ስጨርስም «ደረሰለት» አሉ። ልሳኑ፣ ደረሰልህ።

አልረሳህም። ጉልበቴ እስከታጠፈልኝ ድረስ በየዓመቱ ስቅለት በደብራችን ሁለት ሰው ሆኜ እሰግዳለሁ፤ አንድ ጊዜ ስለ ራሴ፣ አንድ ጊዜ ስላንተ።

ባለቤትህ የሺ፣ አገሩ ሁሉ ዛሬ «ኢየሩሳሌም» ብሎ የሚጠራት