ከተረቱ እንዲወጣ ስለታዘዘው አህያ፣ ለክቡር የመጻሕፍት መርማሪ

ቤርሜኦ ወደብ፣ ነሐሴ 1790

ማድሪድ ለሚገኙት ክቡር የመጻሕፍት መርማሪ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ብዕርዎ የሰላ፣ ወንበርዎም የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ማርቲን ኦሌያጋ፣ በጨው የደረቀ ዓሣ ነጋዴ፣ ይህን የምጽፈው ጎረቤቴ ዶን ኢላሪዮ ብዕር መያዝ ስላቃታቸው ነው። ሳንባቸው ታሟል፤ ሐኪሙም ወይን እስኪለቀም አይቆዩም ብሏል። የሚመኙት ለከተማችን ልጆች በግጥም የጻፏቸውን የእንስሳት ተረቶች ታትመው ማየት ብቻ ነው።

፩ኛ፦ ረቂቁን አራት ዓመት ሙሉ በእንክብካቤ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። እኛ ዘንድ ቢሆን አይጥ ይበላው ነበር።

፪ኛ፦ አህያው ሹም ይነካልና ይውጣ ብለው አዘዋል። ዶን ኢላሪዮ ግን አህያውን ሲጽፉ ያሰቡት አህያ ነበር። ችግሩ በከተማችን ተረት ሲነበብ ሰው ሁሉ ራሱን መፈለጉ ነው። ተረቱ በሱቄ ሲነበብ ከንቲባችን ብድግ ብለው «ይሄ አህያ እኔ ነኝ! ማንን ታሞኛላችሁ?» ሲሉ ጮኹ። ባለቤታቸው እጅጌያቸውን ጎትተው «ተቀመጥ አንተ ሰው! እስካሁን ማንም አላወቀም ነበር» አሏቸው። ለእርስዎ ክሱን የላኩት ከንቲባው ናቸው።

፫ኛ፦ አህያውን አወጣን። ከዚያ ጠበቃው ቀበሮዋ እኔ ነኝ አሉ፤ የመዘምራኑ አለቃም እንቁራሪቷን ወሰዱ። ለሁሉም «ይውጣ» የሚል ትእዛዝዎ ሳይዘገይ ደረሰን። ዶን ኢላሪዮ በትኩሳት እየነደዱ በእጃቸው ከቀረው ቅጂ ላይ አንድ በአንድ ሰረዙ። ባለፈው ሳምንት «ማርቲን፣ ማን ቀረ?» አሉኝ።

«ቀንድ አውጣው፣ ጌታዬ።»

«እሱማ እያዘገመ ነው የሚሄደው። መርማሪው ይቀየማሉ» ብለው ሳቁ። ከሳቁ ይልቅ ሳሉ ረዘመ።

፬ኛ፦ ነጋዴ ነኝ፤ ማዕበል ለሰበረው መርከብ እንኳ መላ አላጣም። ማድሪድ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ ደጅ ጠናሁ፤ ለመንኩም። ለዚህ ግን መላ አጣሁለት። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ «መልስ መጣ?» ሲሉኝ «መንገድ ላይ ነው» እያልኩ መዋሸት ብቻ ነው የቀረኝ።

ከተማችንን ከአንድ አህያ ለጠበቀው ትጋትዎ እጅ እየነሣሁ፣ ከበርዎ ውጭ መቆምን በሚገባ የተማርኩት ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ማርቲን ኦሌያጋ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው የማሳተሚያ ፈቃድዎ ደረሰ። ዶን ኢላሪዮን ማክሰኞ ቀብረናል። ወረቀቱ «ደራሲው በአካል ቀርቦ ይረከብ» ይላል። ስለማይመቻቸው እርስዎ ቢመጡ ይሻላል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተግራ ሦስተኛው መቃብር ነው። በፈለጉት ጊዜ ይምጡ፤ እሳቸው እንደሆነ ከእንግዲህ አይቸኩሉም።