ለቅሶ ያልደረሰው ሞባይል

ይድረስ በመገናኛ ለሚገኘው የሞባይል መሸጫና ጥገና ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ለተከበሩ አቶ ወንደሰን፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም ድምፅዎ እንደምን ሰንብተዋል? ድምፅዎን ነጥዬ የጠየቅሁት፣ ቢሮዎ በር ላይ ብዙ ብቀመጥም አንድም ቀን ሰምቼው ስለማላውቅ ነው። እኛ የካራ ዳገት ሰዎች እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና ያልሆኑትንም ቀብረናል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

እኔ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። እርስዎም ከአባትዎ በወረሱት አባልነት የዕድራችን ሰው ነዎትና እንደሚያስታውሱት፣ ድሮ ሰው ሲሞት አቶ ከበበ ጥሩንባ እየነፉ ዳገቱን ይዞሩ ነበር። ትንፋሻቸው እያጠረ ሲሄድ ጠቅላላ ጉባኤው «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው» ብሎ ጥሩንባውን ሰቀለና ከእርስዎ ዘንድ አንድ ሞባይል ገዛ። ሐዘን የደረሰበት ወደዚያ ቁጥር ይደውላል፤ እኔ ለየመንደሩ ተጠሪ እደውላለሁ፤ ድንኳን ይተከላል፣ ለቀብር ሰው ይሞላል። ሞባይሉ ግን የዋስትናው ወረቀት ገና ሳይጨማደድ አንድ ጠዋት ጠቁሮ ቀረ። ስለዚህ ወደ እርስዎ አመጣሁት፤ ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ. ሠራተኛዎ ጊፍቲ፣ ትሕትናዋን እግዜር ይባርክላትና፣ ሞባይሉን ከፍታ እንኳ ሳታይ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሃ ገብቶበታል፤ ዋስትናው አይሸፍነውም» አለችኝ። በሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ከታየ ሰንብቷል። ለነዋሪው ያልመጣ ውሃ ለሞባይላችን መምጣቱን ስላበሰሩን እናመሰግናለን፤ ወሬው ሲሰማ ጀሪካን ይዞ ቤቴ ሊሰለፍ የዳዳውም ሰው ነበር።

2ኛ. በስንት ልመና ውሃው ሲደርቅልኝ ደግሞ ካርቶኑ ተጠየቀ። ካርቶኑ የዕድሩ ማኅተም ማስቀመጫ ሆኖ ስለነበር ማኅተሙን በመሐረብ ቋጥሬ ካርቶኑን ይዤ ወረድኩ። ሰው ሲሞት ሳጥን እንደሚያስፈልገው ዕድራችን ያውቃል፤ ሞባይልም እንደዚያው መሆኑን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

3ኛ. ካርቶኑ ሲገኝ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ሲስተሙ ሲመጣ ቴክኒሻኑ ሄደ። ሞባይሉን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ለሥልጠና አዳማ ወርዷል። ሥልጠናው ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። «እሺ፣ ሲም ካርዱን ብቻ ስጡኝና በተውሶ ስልክ እንጠቀም» ብል፣ ሲም ካርዱም ከነዕቃው ተቆልፎበታል። ጊፍቲም አዝና «አይዞዎት ጋሼ፣ ሲደርስ እንደውልልዎታለን» አለችኝ። የምትደውለው መሳቢያው ውስጥ ወዳለው ቁጥር ነው፤ ሌላ ስልክ የለኝም። ከራስጌዋ ግድግዳው ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ተለጥፏል። በዚህ አገር በንጉሥ ላይ የሚደርሰውን በዕድሜዬ ስላየሁ አልተገረምኩም።

4ኛ ብዬ ምስጋናዬን ልቀጥል ነበር፤ አልሆነልኝም። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ያረፉት በዚያው ሰሞን ነው። ልጃቸው መሠረት ከእናቷ ሬሳ አጠገብ ሆና ወደ ዕድሩ ብትደውል ብትደውል መልስ አጣች። ሰው ወደ ቤቴ ላከች፤ እኔም አልተገኘሁም። የት እንደነበርኩ ያውቃሉ? እርስዎ በር ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። የድንኳኑ ዕቃ ቤት ቁልፍም በእኔ ኪስ ነበር። ስለዚህ በቴክኒሻንዎ አልፈርድም፤ በራሴም በእርስዎም ግን ተናድጃለሁ። ማታ ዳገቱን ስወጣ ቀብሩ አልፏል። በሰፈሩ የማንም ለቅሶ ሳይደርሱ ቀርተው የማያውቁ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው እስከ እንጦጦ ድረስ በእግራቸው ወጥተው ሲቀብሩ የኖሩ ሴት፣ አንድ ሚኒባስ በማይሞላ ሰው ተሸኙ። ድንኳኑ የተተከለው በማግስቱ ነው። መሠረት አልወቀሰችኝም። «ጋሽዬ፣ እማዬን ሰው ጠልቷት ነው የመሰለኝ» ብቻ አለችኝ። ይህን ቃል ይዤ መተኛት አቅቶኛል፤ ከእርስዎ ጋር ብካፈለው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።

ዕድሩ ተሰብስቦ ጥሩንባውን ከተሰቀለበት አውርዷል። አቶ ከበበ በየመታጠፊያው ዐረፍ እያሉ ይነፋሉ፤ ትንሽ ያስላቸዋል እንጂ ካርቶን አይጠይቁም። ከእርስዎ ዘንድ የሞባይሉን ጥገና መጠበቁን ትተናል። የምንለምነው ሲም ካርዱን ብቻ ነው፤ አባላት ሁሉ በቃላቸው የያዙት ቁጥር እሱ ነውና።

ለሰጡን ሰፊ አግዳሚ፣ ለከበረው ዝምታዎና ለመሳቢያዎ ጥንካሬ እጅ እየነሣሁ፣ ትዕግሥቱን ደጅዎ ላይ ጥሎ የተመለሰው አክባሪዎ፣

ዓምደ ሚካኤል
የዕድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለአቶ ከበበ፣ ከነጥሩንባቸው
ለወይዘሪት መሠረት፣ ሰው እናቷን እንዳልጠላ ታውቅ ዘንድ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የአቶ ከበበ ጥሩንባ እርስዎ እስከሚኖሩበት እስከ ሲ.ኤም.ሲ አይሰማም። ዕድሜዎን ያርዝመውና፣ ቀኑ ሲደርስ ቤተሰብዎ ወደ ዕድሩ መደወሉ አይቀርም። የመሳቢያው ቁልፍ ማን ኪስ እንዳለ ከአሁኑ ቢነግሯቸው መልካም ነው።