ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ወረቀት

ግንቦት 12፣ እሑድ ከሰዓት

ለምወድሽ ባለቤቴ፣

ይህን ደብዳቤ በአንድ ትንፋሽ፣ አንድ ፊደል ሳልሰርዝ ጻፍኩት። እሺ፣ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። ግን የማታ ትምህርት አስተማሪያችን "አባባ፣ የእርስዎ ፊደል ከመጽሐፉ ያምራል" ብላኛለች። ምን ታድርግ! ሃያ ዓመት የሱቅ ሰሌዳ የቀባ እጅ ነው። የምን የማታ ትምህርት ትያለሽ፤ እደርስበታለሁ።

የምታነብልሽ እህትሽ እንደሆነች አውቃለሁ። እሜቴ እህቷ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ዛሬ በእኔ ላይ የሚያስደስትሽ ነገር አለ።

ቤቱ ደህና ነው። ምግብ ስሠራ አሁንም ለሁለት ሰው ይሆንብኛል፤ እጄ ልኩን ረስቷል። ደም እንዳይነካው ብለሽ ወንበርሽ ላይ ያነጠፍሽውን ላስቲክ አላነሳሁትም።

ባለፈው ስንደዋወል "የወር አበባዬ ደም አልቀነሰልኝም" ስትዪኝ ሌላ ወሬ ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። በስልክ እንዳልነግርሽ አፌ መቀለድ ይጀምራል። ከመስታወቱ ጀርባ የሰካሽውን የአልትራሳውንድ ወረቀት አነበብኩት። አምና "ምን ይላል?" ብለሽ ስትሰጪኝ "ንጹህ ነሽ፤ ድካም ነው፣ እህትሽ ጋ ሄደሽ እረፊ ይላል" ያልኩሽ ትንሽ ስቼ ነው። ከታች በአማርኛ የሚለው "ማህፀን ውስጥ ሦስት እጢዎች ታይተዋል፤ ውጤቱን ይዛ ወደ ሐኪም ትመለስ" ነው።

ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ።

"የማን ነው?" አለች ሲስተሯ።

"የባለቤቴ።"

"እሷስ የት አለች?"

"እረፍት ላይ ናት።"

"ይሄ በእረፍት አይደርቅም። ስንት ቀን ይፈሳታል?"

"ዘጠኝ፣ አሥር ቀን። ጨርቅ ደርባ ነው የምትውለው። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለች።" ለካ ሁሉንም አይቻለሁ! "ደረጃውን እየቆጠርሽ ነው እንዴ?" እያልኩ እስቅብሽ ነበር።

እጢው አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም አለችኝ፤ ቢሆንም ሐኪም አይቶ ያረጋግጥ። ደምሽ ይለካል፤ ካነሰ የብረት ክኒን ይሰጥሻል። ደሙን የሚቀንስ ክኒንም አለ፤ ሉፕ የሚሉትን መድኃኒት ያለው ትንሽ ዕቃ ማህፀን ውስጥ የሚያስቀምጡም አሉ። እጢውን ብቻ በቀዶ ጥገና ማውጣት ይቻላል። ማህፀኑን ማውጣትም አለ፤ የግድ ግን እዚያ አይደረስም። "ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ የምትመርጠው እሷ ናት፤ እርስዎ አይደሉም" ብላ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

ወረቀቱን አብሬ ልኬዋለሁ። ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ። ራስሽን ካዞረሽ፣ ወይም በየሰዓቱ ጨርቅ ካስለወጠሽ፣ ቀጠሮ ምናምን ሳትይ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ደግ እጅ ይግጠምሽ። ደረጃውን ሳትቆሚ ወጥተሽ በሩን ስታንኳኪ ለመስማት ያብቃኝ።

ባልሽ፣ ባለብሩሹ

ፈርሜ ልጨርስ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። "ትንሽ ስቼ ነው" ያልኩሽን እህትሽ ትሰርዘው። አልሳትኩም፤ ያን ዕለት አንድ ፊደል አላውቅም ነበር። ሰሌዳ ስቀባ ባለሱቁ በእርሳስ የነደፈውን ነው የምከተለው። አንቺ ግን ባሌ የተማረ ነው ብለሽ ወረቀቱን ዘረጋሽልኝ፤ አላውቅም ማለት አፈርኩ። ትምህርት ቤት የገባሁት ከሄድሽ በኋላ፣ ለዚያው ወረቀት ብዬ ነው።

"እህትሽ ጋ ሄደሽ እረፊ" የሚለውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ፈለግኩት። የትም የለም።