ሰላምታችን ብቻውን አንድ ገጽ ይሞላል

ኅዳር ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ደሞዝ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፤
ባሕር ዳር

እንደምን ሰንብተዋል? ይህች ወረቀት የጣና ነፋስ ደረትዎን ሳይነካው፣ ድምፅዎም ከስብሰባው በኋላ ሳይዘጋ እንድታገኝዎ እመኛለሁ።

ከቀበሌው ስንቅ ጋር ወደ ግንባር የሚላክ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ማዘዝዎን አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ለልጄ ለአምሐ የጻፍሁት አራት ገጽ በዚሁ ምክንያት ተመልሶልኛል። ጸሐፊዎ አካሉም በተሰለፈው ሰው ፊት፣ «እትዬ፣ ይህ ደብዳቤ ነው ወይስ ድርሳን?» ብሎ አስቆብኛል፤ ሳቅ ከሰማሁ ስለቆየሁ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሆኖም ጥቂት ቅሬታ አለኝ።

፩. ደብዳቤው በመፈክር ይጀመር ብለዋል፤ ይሁን። እኛ ግን ሰላምታ ሳናዳርስ ወሬ አንጀምርም። የዘመድ የጎረቤቱን «እንደምን አለህ ይልሃል» ስጽፍ ገጹ ያልቃል። ለማሳጠር ብዬ ባለፈው ጊዜ የአጎቱን የወልደ ዮሐንስን ሰላምታ ብዘለው፣ አምሐ ሰውየው የሞተ መስሎት «ነፍሱን ይማር» ብሎ ጻፈልኝ። ወልደ ዮሐንስም የራሱን ነፍስ ይማር ካነበበ ወዲህ አኩርፎ ቀረ። ደጄን የሚረግጥ እሱ ብቻ ነበር።

፪. ልጄ የጠየቀኝ ወሬ ነው። ጉማሬ ወጥቶ የጎረቤታችንን ጎመን መጨረሱን ልነግረው እሻለሁ። አክስቱ አገርነሽ ባሏን ጥላ ከዘጌ በታንኳ መጥታ፣ በሳምንቱ ባልየው ተከትሏት መጥቶ፣ ታርቀው አብረው መመለሳቸውንም እንዲሁ። አገርነሽ ለብቻዋ ሁለት ገጽ ትፈልጋለች፤ እርስዎም ያውቋታል።

፫. በስብሰባው የእርስዎ ሪፖርት ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ታንኳዎቹ ሁሉ ከሐይቅ እስኪገቡ ድረስ ተነቧል። እግዜር ያሳይዎ፣ አልሰለቸኝም፤ እንዲያውም ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ፤ ሲያልቅ ወደ ቤት መሄድ አለና። ቤቴም የሚናገር ሬዲዮ አለ፤ ነገር ግን «አንቺስ እንዴት ዋልሽ?» ብሎኝ አያውቅም። እንዲህ የሚለኝ አምሐ ነበር።

እንግዲህ ሪፖርት ምን ያህል፣ የእናት ደብዳቤ ምን ያህል መርዘም እንዳለበት እርስዎ ስለሚያውቁ፣ እኔም ታዝዤ ማሳጠሩን ሞከርሁ። ጉማሬውን ቆረጥሁ፤ አገርነሽን ቆረጥሁ፤ ሰላምታውንም እያዘንሁ ቆረጥሁ። በመጨረሻ «ናልኝ» የምትል ቃል ብቻ ተረፈች። አካሉ ግን ይህች ቃል የሠራዊቱን ወኔ ትሰልባለች ብሎ እሷንም መለሰልኝ። ስንቁ ቅዳሜ ይሄዳል። በሶው ያለ ደብዳቤ እንዳይሄድ፣ ከአራቱ ገጽና ከአንዷ ቃል መካከል የሚፈቀደው ርዝመት ስንት እንደሆነ ይንገሩኝ።

ስለ ደብዳቤዬ ርዝመት ይቅርታዎን የምለምን፣ ከሐይቁ ዳር፣ ማንም ከማያንኳኳው ደጅ፣
አክባሪዎ ወለተ ሩፋኤል

ማስታወሻ፦ ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ባንቺአየሁ ስለ ልጃቸው ከግንባር የመጣላቸው የመርዶ ወረቀት ሁለት መስመር ነው። አጥሯል ብሎ የመለሰው የቀበሌ ሰው እንዳለ አልሰማሁም።