ዲስክ ላይ ያላረፈው እገዳ

ሰኞ

ዛሬም ጭነት መኪኖቹ ተሰልፈዋል። ከመድኃኒት መጋዘናችን በር እስከ ነፋስ ስልክ አስፋልት መኪና በመኪና። ኮምፒውተሩ አንድ ወጪ ዕቃ እስኪመዘግብ ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታደሰ መጡብኝ። "ሰላማዊት፣ አፍጥኝልኝ እንጂ! ሹፌሮቹ ሊበሉኝ ነው።"

መላው አንድ ነው። ሰርቨሩ የመዘገብነውን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ሚሞሪ ላይ ይዞ፣ ቆየት ብሎ እንዲጽፈው ማድረግ። በመሃል መብራት ከጠፋ ግን ያልተጻፈው በነነ ማለት ነው። መጠባበቂያ ባትሪ ደግሞ የለንም። ነገርኳቸው።

"አታሟርቺ" አሉኝ።

ማክሰኞ

ቀየርኩት። በረረ! ከምሳ በፊት ሰልፉ አለቀ። የመጋዘን ኃላፊዋ እትዬ አስካለ "እጅሽ ይባረክ" ብለው ሳሙኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ወደ ሰርቨሩ እዞራለሁ።

ረቡዕ

ዝናብ። ከላቦራቶሪ ተደወለ፤ ከሕፃናቱ መርፌ አንዱ የምርት ምድብ ተበላሽቷል፣ እንዳይወጣ። "ታግዷል" ብዬ አስገባሁ። ኮምፒውተሩም "ተመዝግቧል" አለኝ። ወዲያው መብራት ድርግም።

ሲመጣ ሰርቨሩ እየተንገዳገደ ተነሳ። እኔ የተጎዳ ፋይል ስፈልግ የመጋዘኑ ሰዎች ታች ሥራ ጀምረዋል። እገዳውን ባየው የለም! በዝናብ ወደ መጋዘን ሮጥኩ።

"አሁን ጭኖ ወጣ እኮ" አሉ እትዬ አስካለ። "ኮምፒውተሩ ምንም አላለኝም።"

መኪናው የሄደው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ነው። የጣቢያውም የሹፌሩም ስልክ አይሠራም።

ሐሙስ

ማንንም ሳልጠይቅ ሰርቨሩን እንደ ድሮው መለስኩት። ሰልፉም ተመለሰ። አቶ ታደሰ በመስኮት አዩት።

እትዬ አስካለ ዛሬ ማለዳ በፒክአፕ መኪናውን ተከትለው ሄደዋል። "ሹፌር ይበቃል" ቢባሉ፣ "የፈረምኩት እኔ፣ የምሄደውም እኔ" ብለው እምቢ አሉ።

ማታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ብስራተ ገብርኤል ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሕፃን ታቅፋ ነበር። ወዲያ ዞርኩ።

ዓርብ

እትዬ አስካለ ከፖስታ ቤት ደወሉ። ድምፃቸው ይቆራረጣል። ካርቶኖቹን ሰብስበዋል። አንዱ ግን ተከፍቶ ነበር። አንድ ልጅ ከእሱ ተወግቷል። እናቱ ይዛው አገሯ ገብታለች፤ የጤና ጣቢያው ነርስ በበቅሎ ፍለጋ ወጥታለች።

"ታዲያ እርስዎ አይመለሱም?"

"ልጁን ሳላይ? አልመጣም።"

ቅዳሜ

ልጁ ተገኝቷል። ጤና ጣቢያ አስተኝተውታል። ትኩሳት አለው፣ ክንዱ አብጧል፣ ግን ጡት ይዟል አሉ እትዬ አስካለ በስልክ። ነርሷ "ነገ ይለይለታል" ብላለች።

አቶ ታደሰ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ "የልጁ ስም ማነው?" አሉኝ።

እኔም አልጠየቅኩም።